ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ የሚጠፋ የ1994 ኮሮላ፦ የኢጂአር ቫልቩን ልድፈነው ወይስ ላስጠግነው?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ውድ የሙያው ባለቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምጠይቃችሁ ከአሜሪካ ስለመጣች፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለተሠራችና ባለ 1.8 ሊትር የቤንዚን ሞተር (7ኤ-ኤፍኢ) ስላላት ቶዮታ ኮሮላ ነው። መኪናዋ ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ ያለ ችግር ትነሣለች፤ የሙቀት መለኪያው መደበኛ ቦታው ላይ ሲደርስ ግን ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) መዋዠቅ ይጀምራል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቆም ደግሞ አንዳንዴ ጭራሹኑ ይጠፋል። ቤንዚን ሰጥቼ ፍጥነት ከያዝኩ በኋላ የጎላ ጉድለት አይታይባትም፤ በዳገትም ቢሆን ጉልበቷ ትንሽ ከመቀነሱ በቀር አታስቸግርም። የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ አብዛኛውን ጊዜ የምነዳት ከቤት ወደ ሥራ ነው፤ መንገዱ አጭር በመሆኑ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ የማጠፋበት ቀን ይበዛል።

ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያና የነዳጅ ማጣሪያ ተቀይረዋል፤ ለውጥ አላመጡም። ያሳየሁት አንድ ጋራዥ ቫኩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) ሰክቶ ወደ 6 ኢንች የሚጠጋና የሚርገበገብ ንባብ ካየ በኋላ፣ በመጽሐፉ መሠረት ከ17 እስከ 21 መሆን ስላለበት ሞተሩ አርጅቷል፣ ወርዶ ይታደስ አለኝ። ሌላ ባለሙያ ደግሞ ችግሩ የጭስ ብክለት መቀነሻው የኢጂአር ቫልቭ ነው፤ ለእኛ አገር ስለማያስፈልግ በቆርቆሮ እንድፈነው የሚል ሐሳብ አቀረበልኝ። የሞተር ምልክት መብራቱ ክሩስኮቱ ላይ በርቶ አያውቅም። ሞተር ለማስወረድ አቅሜ አይፈቅድም፤ ያለ በቂ ምክንያት መድፈኑም አልተዋጠልኝም። ከየት ልጀምር?

ምላሽ (የጋራዥ ባለሙያ፣ ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ በዚያ ንባብ ብቻ ሞተር እንዳያስወርዱ። ከ17 እስከ 21 ኢንች የሚለው ቁጥር የተለካው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ዘጠኝ ኢንች ገደማ ተቀንሶ፣ ጤነኛ ሞተር በእናንተ ከተማ ሚኒሞ ላይ ከ8 እስከ 12 ኢንች ቢያሳይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ያው መኪና እኛ ዘንድ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር አካባቢ፣ ቢለካ ሞተሩ ሳይነካ ንባቡ በአምስት ኢንች ያህል ከፍ ይላል። ይህን ስሌት ሳይሠራ በደጋ ከተማ ቫኩም ለክቶ ሞተር ይውረድ ማለት በሰው ገንዘብ ላይ መፍረድ ነው።

ይሁን እንጂ የእርስዎ 6 ኢንች በዚህም ስሌት ዝቅተኛ ነው፤ ከመርገብገቡ ጋር ሲታይ ወደ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል) መግባት የሌለበት ነገር እየገባ መሆኑን ያመለክታል። የሚገባው ያልተፈለገ አየር ሊሆን ይችላል፤ በኢጂአር ቫልቩ የሚያልፍ የተቃጠለ ጋዝም ሊሆን ይችላል። የቫልቩ ሥራ ከጭስ ማውጫው ጥቂት የተቃጠለ ጋዝ ወስዶ ወደ ሞተሩ ማስገቢያ መመለስ ነው። ያ ጋዝ ዳግመኛ ስለማይቃጠል በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የቃጠሎ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ የሚፈጠረው በጥቂቱ ይሆናል። ቫልቩ መከፈት ያለበት ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሲሠራ ነው። ሞተሩ ብርድ ላይ ሲሆን፣ ሚኒሞ ላይ ሲሆንና ቤንዚን እስከ መጨረሻው ሲሰጠው ተዘግቶ መቆየት አለበት። በጥቀርሻ ተይዞ ገርበብ ብሎ ከቀረ ሚኒሞ ላይ ያለችው ጥቂት አየር በጭስ ትበረዝና ሞተሩ ይታፈናል። የደጋው አየር ደግሞ ከመነሻውም የሳሳ ስለሆነ ጉዳቱ ከቆላው ይልቅ እናንተ ጋ ጎልቶ ይታያል። ጠዋት ደህና የምትመስለው ብርድ ላይ ሚኒሞው ከፍ ስለሚልና ነዳጁም ስለሚጨመር ነው፤ ችግሩ በዚያ ይሸፈናል።

ለምርመራው ሞተሩን በደንብ ያሙቁት፤ በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን እንዳያደርጉት። ወደ ቫልቩ አናት የሚሄደውን ቀጭን የቫኩም ቱቦ ነቅለው ጫፉን በጣትዎ ይዝጉት። ሚኒሞ ላይ ጣትዎን የሚስብ ቫኩም መኖር የለበትም። ካለ፣ ወይ ቱቦዎቹ ያለ ቦታቸው ተሰክተዋል ወይ ሞዱሌተሩ (ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ቫኩም የሚመጥነው ክፍል) ተበላሽቷል። ከአሜሪካ የመጡ መኪናዎች ኮፈን ሥር የቫኩም ቱቦዎቹን አሰካክ የሚያሳይ ተለጣፊ ሥዕል ስላላቸው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ከሥዕሉ ጋር ያመሳክሩ። ቱቦው ተነቅሎም ሚኒሞው ካልተሻለ ቫልቩ ራሱ ሳይዘጋ ቀርቷል ብለው ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ በእጅ ቫኩም ፓምፕ ቫልቩን ለብቻው ይሳቡት። ፓምፕ ከሌለ ለእንስሳት ሕክምና የሚያገለግለው ባለ 60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ በቀጭን ጎማ ተገናኝቶ ይሠራል፤ በየወረዳው ከተማ አይጠፋም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ሲስቡት መንገዳገድ ወይም መጥፋት አለበት። ምንም ካልተሰማው ቀዳዳው ተደፍኗል። የሳቡት ቫኩም ሳይቆይ ከፈሰሰ ደግሞ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ፣ ዲያፍራሙ፣ ተቀድዷል፤ እሱ ከተቀደደ ቫልቩን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም።

ምላሽ (የአውቶሞቲቭ መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)

ጠያቂያችን መድፈኑ ስላልተዋጠላቸው ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱን ላብራራ። በቆርቆሮ መድፈን እንደ መመርመሪያ ይጠቅማል። ቫልቩ ተፈቶ ከሥሩ ስስ ቆርቆሮ ገብቶ ሲታሰርና ሞተሩ ሲነሣ ሚኒሞው ወዲያው ከተስተካከለ ጥፋቱ የቫልቩ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ካልተስተካከለ ግን የማኒፎልድ ጋስኬት፣ ትሮትል ቦዲው (ቤንዚን ሲረገጥ የአየር መግቢያውን የሚከፍተው ክፍል) እና የሚኒሞ መቆጣጠሪያው መፈተሽ አለባቸው። ከሙከራው በኋላ ቆርቆሮው መውጣት አለበት። የዚህ ሞተር የማቀጣጠያ ጊዜ የተሰላው ኢጂአሩ እንደሚሠራ ታስቦ ስለሆነ፣ ሲደፈን በጭነትና በዳገት ላይ የቃጠሎው ሙቀት ይጨምራል፣ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ረጅም ዳገት በከባድ ማርሽ ስለሚጎትት፣ የሚያንኳኳ ሞተር በእንዲህ ያለ መንገድ በፒስተኑና በቴስታታው ጋስኬት ላይ ጉዳት ያከማቻል።

«ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚለውን አነጋገር ከተማሪዎቼም እሰማዋለሁ፤ ፈጽሞ አልቀበለውም። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) ወጥቶ በባዶ ቱቦ ተተክቷል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ናይትሮጅን ኦክሳይድን የሚቀንስ የቀረው ብቸኛ ክፍል ኢጂአሩ ነው። ጋዙ የመተንፈሻ አካልን እንደሚጎዳና አስም ያለበትን ሰው እንደሚያባብስ ጠያቂያችን በሙያቸው ከእኔ በላይ ያውቁታል። የእኛ ልጆች የሚተነፍሱት አየር ከሌላው አገር ልጅ ያነሰ ጥበቃ የሚገባው አይደለም።

መብራቱ አለመብራቱ ቫልቩን ነፃ አያወጣውም። በዚያ ዘመን በተሠሩ ቶዮታዎች ላይ ኮፈን ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሞተር ሳያስነሡ ሲከፍቱ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ይነግርዎታል፤ ሰባት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጥቂት ካረፈ በኋላ አንድ ጊዜ ቢደግም 71 ማለት ነው፣ ይህም የኢጂአር ኮድ ነው። ኮዱ የሚመዘገበው የጋዙን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር ባላቸው፣ በተለይ ለካሊፎርኒያ ግዛት በተሠሩ መኪናዎች ላይ ነው፤ እሱም ጋዙ ማለፍ ሲገባው ሳያልፍ ሲቀር ነው። ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ የሚያሳልፍ ቫልቭ ኮድ ሳያስመዘግብ ሊኖር ይችላል።

ቫልቩ ገርበብ ብሎ መቅረቱ ከተረጋገጠ ብዙውን ጊዜ በማጽዳት ይድናል። ለመፍታት ሞተሩ ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ ዳዶዎቹ ለዓመታት በጭስ ሙቀት የተጋገሩ ስለሆኑ የዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶባቸው ጥቂት ይቆዩ፤ በጉልበት ከተገፉ ቡሎኑ ማኒፎልዱ ውስጥ ይሰበርና ቀላሉ ሥራ ከባድ ይሆናል። ቫልቩ ሲወጣ ከሥሩ ያለውን ትንሽ ሾጣጣ ብረትና የሚያርፍበትን ክብ ወንበር በመብራት ይመልከቱ፤ በሁለቱ መካከል የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጠንካራ ጥቀርሻ ብትኖር እንኳ ቫልቩ አይዘጋም። ጥቀርሻውን በናስ ብሩሽና በእንጨት ፍቆ ማንሣት ይቻላል። የካርቡሬተር ማጽጃ ፈሳሽም ይረዳል፤ ነገር ግን ቫልቩ በሙሉ ፈሳሹ ውስጥ መነከር የለበትም፤ ፈሳሹ ዲያፍራሙን ይበላዋል። ካቻቢቴ አስገብቶ ወንበሩን መፋቅም መዝጊያውን ስለሚጭረው ክልክል ነው። ዓይንዎን በመነጽር ይሸፍኑ።

ከጸዳ በኋላ ቫልቩን ገልብጠው በመዝጊያው በኩል ጥቂት ቤንዚን ያፍስሱበት፤ በሌላው በኩል ቶሎ ቶሎ የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና አልተዘጋም። ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው መተላለፊያም መጽዳት አለበት፤ ጫፉ የተፈተለ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ለጠመዝማዛው መንገድ በጣም ይመቻል፤ ሆኖም የወደቀው ጥቀርሻ ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ እየተጠረገና እየተሳበ ይሁን። ሲመለስ አዲስ ጋስኬት ይደረግ። ክብ ቆብ የሚመስለውን ሞዱሌተር ክዳኑን ከፍተው ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ማጣሪያ በአየር ይንፉት፤ ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ሞዱሌተሩ ትርፉን ቫኩም ማስተንፈስ ስለሚያቅተው ቫልቩ ከሚገባው በላይ ይከፈታል።

ምላሽ (የፒክአፕ ባለቤት፣ ደብረ ሲና)

ይህን የሚያነቡ የናፍታ መኪና ባለቤቶች ምርመራውን እንዳለ ወስደው እንዳይሠሩበት አንድ ነገር ልጨምር። በናፍታ ሞተር ላይ ኢጂአሩ ሚኒሞ ላይም ሊከፈት ይችላል፤ ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ክፍት ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ብልሽት አያሰኘውም። የእኔ ፒክአፕ ምልክት ቤንዚን መኪና ላይ እንደሚታየው መጥፋት ሳይሆን በዳገት ላይ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ነበር። የናፍታ ጥቀርሻ ከዘይት ትነት ጋር ስለሚቀላቀል ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፤ ማኒፎልዱም አብሮ ካልጸዳ ቫልቩ ብቻውን ቢጸዳ ብዙ አይቆይም። ቫልቩ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ዘመናዊ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በእጅ ተገፍቶ እንዳይከፈት፣ ሶኬቱም ፈሳሽ እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የጠያቂው መልስ

ጋሼም መምህርትም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በተባለው ቅደም ተከተል ሄድን። ቱቦው ሚኒሞ ላይ አይስብም፤ ዲያፍራሙ በስሪንጅ የሳብነውን ቫኩም ይዞ ቆየ፤ ለሙከራ ቆርቆሮ ስናስገባ ግን ሚኒሞዋ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ቫልቩ ሲወጣ በአንድ ጎኑ ጥቀርሻ ተጋግሮበት ሾጣጣው ብረት ጠምዘዝ ብሎ ቆሞ ነበር። መተላለፊያው ጭምር ጸድቶ በአዲስ ጋስኬት ታሰረ። አሁን ቫኩም ጌጁ ሳይርገበገብ 11 ኢንች ያሳያል፣ መኪናዋም ቆማ አትጠፋም። የሞዱሌተሩም ማጣሪያ ተነፍቷል።

ሆኖም አዲስ ነገር ተከሰተ። ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ስመለስ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የማንኳኳት ድምፅ ሰማሁ። ቤንዚን ስቀንስለት ይጠፋል፣ ስጨምርለት ይመለሳል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ግን አይሰማም። ማጽዳቱ ያበላሸው ነገር ይኖር ይሆን?

ምላሽ (መምህርቷ)

ማጽዳቱ ያበላሸው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ተሸፍኖ የቆየ ሁለተኛ ጉድለት ያወጣው ይመስለኛል። ቫልቩ ገርበብ ብሎ በቆየበት ጊዜ ቫኩም ቢመጣም ባይመጣም ጋዝ ያለማቋረጥ ያልፍ ስለነበር በዳገት ላይ ቃጠሎው ሳይፈለግ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን በትክክል ሲዘጋ፣ በሚፈለግበት ጊዜ እንዲከፈት የሚያዝዘው ቫኩም እንደማይደርሰው ታወቀ። ከተማ ውስጥ የማይሰማውም ሞተሩ ብዙ ጭነት ስለሌለበት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ስለሚያንስ ነው፤ ረጅም ዳገት ሲጎትት ግን ግፊቱም ሙቀቱም ይጨምራል፣ ማንኳኳቱም ይመጣል።

ነገር ግን ከቫኩሙ በፊት ታይሚንጉን (የማቀጣጠያ ጊዜውን) ያስፈትሹ። በደጋ ከተሞች ጉልበት እንዲጨምር ተብሎ ዲስትሪብዩተሩን አዙሮ ታይሚንግ ማስቀደም የተለመደ ነው፤ እዚህ ሲነዳ ጉዳቱ አይታወቅም፣ ቆላ ሲወረድ ግን ያንኳኳል። በዚህ ሞተር ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 ተገናኝተው፣ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲለካ፣ 10 ዲግሪ መሆን አለበት። ቀዳዳዎቹ ሳይገናኙ ከተለካ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያስቀድመው ንባቡ ያሳስታል።

ታይሚንጉ ትክክል ከሆነ ሞቆ ባለ ሞተር ላይ ወደ ቫልቩ የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው ረዳት ሰው እስከ 2,500 ዙር ድረስ ቤንዚን ይስጥ፤ ሚኒሞ ላይ ያልነበረው ቫኩም አሁን ጣትዎን መሳብ አለበት። ካልሳበ ከቫልቩ ወደ ኋላ እየሄዱ ሞዱሌተሩን፣ የኤሌክትሪክ መክፈቻውንና እስከ ትሮትል ቦዲው ያለውን ቱቦ ሁሉ ይፈትሹ። ትሮትል ቦዲው ላይ ያለችው የቫኩም መውጫ ቀዳዳ ከመርፌ ብዙም ስለማትሰፋ ጥቀርሻ ቶሎ ይደፍናታል።

ምላሽ (የጋራዥ ባለሙያው፣ ሸዋ ሮቢት)

በመምህርቷ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስለ ቱቦዎቹ ልጨምር። የዚህ ዕድሜ ጎማ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስልና በሚሰካበት ጫፍ ውስጡ ተሰንጥቆ ይገኛል። እያንዳንዱን ነቅለው ጫፉን በጣት ያጥፉት፤ ስንጥቁ ያኔ ይከፈታል። ሲቀየር የቤንዚን ቱቦ ወይም የመስኮት ውኃ መርጫ ቀጭን ፕላስቲክ እንዳይገባ፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ይለሰልስና በቫኩም ይጨፈለቃል። የቫኩም ቱቦ ተብሎ የሚሸጠው፣ የውስጥ ስፋቱ ከድሮው ጋር እኩል የሆነ ጎማ ይሁን።

የጠያቂው መልስ

ታይሚንጉ 10 ዲግሪ ላይ ነው። በ2,500 ዙር ቱቦው ምንም አይስብም ነበር፤ ወደ ኋላ እየተከተልን ስንሄድ ከትሮትል ቦዲው ሥር የሚነሣው አጭር ቱቦ ሲታጠፍ እስከ ግማሹ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ መውጫ ቀዳዳዋም በከፊል ተደፍና ነበር። ቀዳዳዋ ጸድታ ሁሉም የቫኩም ቱቦዎች ኮፈኑ ሥር ባለው ሥዕል መሠረት ተቀየሩ፤ አሁን በ2,500 ዙር ቱቦው ጣት አጥብቆ ይስባል፣ ሚኒሞ ላይ ደግሞ ይለቃል። ትናንት ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር በዚያው በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ፤ ማንኳኳት አልሰማሁም። የቫልቩን ዳዶዎች ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሜ አጠብቃቸዋለሁ። የወጣው ጠቅላላ ወጪ የጋስኬት፣ የቱቦና የማጽጃ ፈሳሽ ዋጋ ከአንድ ባለሙያ የእጅ ዋጋ ጋር ብቻ ነው።